አርክቴክቸር ተምረን ምን አወቅን?

በዚህ እትም ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ራሴ ጥፋት ለመናገር ነው። ጥፋት ስላችሁ ፈተና ኮርጄ ወይም የጓደኛዬን ሞዴል ሰብሬ እንዳይመስላችሁ። ጥፋቴ አክስቴን የዕቁብ ገንዘቧን በከንቱ ማስጨረሴ ነው። ነገሩ የእኔና የአክስቴ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባላወጣሁት ነበር። ሳወጣ ሳወርደው ግን የሁላችንም ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ «በአምስት ዓመት ውስጥ የምንማረው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በዚሁ በኩል ላንሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሦስተኛ ዓመትን ጨርሼ ደሴ ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። የደሴ ክረምት የዋዛ እንዳልሆነ አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያሳደገችኝ አክስቴ ከምትኖርበት ቤት ጎን አንዲት የጭቃ ክፍል አለቻት። ያቺን ክፍል ታከራያታለች፤ በወር ከምታገኛት ገንዘብ ውስጥም ትልቁ የክፍሏ ኪራይ ነው። የጓሮው ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ምርጊቱ ይፈረፈራል። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ «አንተ እንግዲህ የቤት ትምህርት አይደል የምትማረው፤ ይቺን ግድግዳ ምን ባደርጋት ይሻላል?» አለችኝ።

በዚያ ሴሚስተር ስቱዲዮ ኤ አግኝቼ ነበር። ሥራዬ የባህል ማዕከል ነበር፤ ጣራው እንደተዘረጋ ነጠላ ወጣ ገባ የሚል፣ ጁሪው ሁሉ ያደነቀው። ልቤ አብጦ ስለነበር ከተቀመጥኩበት በርጩማ እንኳ ሳልነሳ «በሲሚንቶ አስለስኚው፤ ሲሚንቶ ውሃ አያሳልፍም» አልኳት። መልሱን ለመስጠት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዕቁቧ ሲወጣላት ሲሚንቶና አሸዋ ገዛች፣ ለሳኝ ቀጠረች። ግድግዳው አማረ። ፎቶውን ስትልክልኝ ለዶርም ጓደኞቼ «የመጀመሪያ ፕሮጀክቴ» ብዬ አሳየኋቸው።

በ2017 ክረምት ስመለስ ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላቆ ወድቋል። ከኋላው ያለው ጭቃ ሊጥ መስሏል። ሁለት ቋሚዎች ከመሬት ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ በስብሰው በጣት ሲነኳቸው ይቦካሉ። ተከራይዋ ሕፃን ልጅ ነበራት፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝባት በሐምሌ ጥላ ወጣች። ገንዘቡም ሄደ፣ ኪራዩም ሄደ። አክስቴ ግን አልተቆጣችኝም። «ምን ታደርግ የኔ ልጅ፣ አንተም ገና እየተማርክ ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አናጺ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አክስቴ ጠራቻቸው። እኔ ግድግዳውን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው በግድግዳው አልፈው ወደ ጓሮ ዞሩ። መጀመሪያ ጣራውን አዩ፣ ቀጥሎ መሬቱን። ከዚያ «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የሳይት አናሊሲስ ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ ያደግሁበት ግቢ ውስጥ ውሃ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አላውቅም።

የጎረቤት ግቢ ከእኛ ከፍ ይላል። ድሮ በመካከል ቦይ ነበረ፤ በቆሻሻና በአፈር ተሞልቶ ጠፍቷል። የጣራው ቆርቆሮ ከግድግዳው የሚወጣው አንድ ስንዝር ብቻ ነው፤ አሸንዳም የለውም። ስለዚህ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ተመልሶ ግድግዳውን ይረጨዋል፤ ከላይኛው ግቢ የሚመጣውም እግሩ ሥር ይተኛል። ጭቃ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ከመሬት የጠጣውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ በፊቱ በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል። እኔ ያደረግሁት መተንፈሻውን መድፈን ነው። ከሥር የሚገባው አልቆመም፣ መውጫው ግን ተዘጋ። በዚያ ላይ ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነገር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ተላቀቀ። እንጨቱም እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በመሬቱ ልክ በሰበሰ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ምንም አልተማርንም ማለት ነው?

እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤቱን መርገም ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ለመሆን እሞክራለሁ። አንደኛ ዓመት ስንገባ አብዛኞቻችን ቀጥ ያለ መስመር እንኳ መሳል አንችልም ነበር። ካርቶን ስንቆርጥ ጣታችንን እየቆረጥን፣ ሙጫ ከእጃችን ሳይለቅ ምሳ እየበላን፣ አንድ ሜትር በ1:100 አንድ ሴንቲ ሜትር መሆኑ እስኪዋሐደን ድረስ ሳልን፣ ቀደድን፣ እንደገና ሳልን። ቦታን በጭንቅላት ውስጥ ማዞር ተማርን። ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ስገባ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ በሩ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሳላስበው አያለሁ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

የጁሪውንም ትምህርት አልክደውም። ሁለት ሌሊት ሳይተኙ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የፕሎተር ወረፋ ጠብቀው፣ በመጨረሻ ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሲቆሙና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲፈራርስባቸው ማየት ከባድ ነው። ያንን ችሎ በማግሥቱ አዲስ ወረቀት መዘርጋት በሌላ ክፍል የሚማሩት ጓደኞቻችን ያላገኙት ትምህርት ነው። የታሪክ ኮርሱም እንዲሁ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ተገንብተው ሳይሆን ከዓለት ተፈልፍለው የወጡ መሆናቸውን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ስቱዲዮ ከገባን በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ግንበኛ ያበላሸውን ድንጋይ ያነሳል፤ እዚያ ግን አንድ ዓምድ በስሕተት የቆረጠ ሰው መልሶ የሚቀጥልበት መንገድ የለውም። ይህን ያሰበ ተማሪ የራሱን ሴክሽን በጥንቃቄ ይስላል። በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የአርቱሮ ሜዜዲሚን የአፍሪካ አዳራሽ ያየም፣ የአፈወርቅ ተክሌ መስታወት በኋላ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን የሕንፃው አካል መሆኑን ይረዳል።

ያልተማርነው ግን አለ

በዚያ ኤ ያገኘሁበት ሴሚስተር የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ ስንት እንደነበር ብትጠይቁኝ አልመልስም። የባህል ማዕከሌ ስንት ብር ይፈጃል ብሎ የጠየቀኝም የለም። ኮንሴፕቴ ምን እንደሆነ ግን ሦስት ጊዜ ተጠይቄአለሁ። አክስቴ አንድም ቀን ስለ ኮንሴፕት ጠይቃኝ አታውቅም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስንት ያስወጣኛል?» ነው፤ ሁለተኛው «ስንት ዓመት ያቆየኛል?» ነው።

ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ሁላችንም ቤት ስንነድፍ ኖይፈርትን እንገልጣለን። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ኤርንስት ኖይፈርት የባውሃውስ ተማሪ የነበረ ጀርመናዊ ሲሆን መጽሐፉን በ1936 እ.ኤ.አ. አሳተመው፤ የወንበሩም የአልጋውም ልክ አለበት። ምጣዳችንን ግን እዚያ ውስጥ አትፈልጉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ከመጽሐፉ ገልብጠን የምንስለው የኩሽና መደርደሪያም ጥልቀቱ 60 ነው። ምጣዱ ከተቀመጠ ሊጡ የት ይቀመጥ? አክንባሎው ሲነሳ የት ያርፋል? እንፋሎቱስ በየት ይውጣ? ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ እንደሆነስ በመብራት ፕላናችን ላይ ማን አሰበው? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ውስጥ ለብቻው የጋራ ማብሰያና ማረጃ ቤት የታሰበው ይኸው ችግር በአፓርታማ ውስጥ አልፈታ ስላለ ነው። አራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ቡሃቃ ተሸክማ ደረጃ እንድትወርድ መፍረድ መልስ ነው ወይስ ጥያቄውን ወደ ግቢ ማውጣት? ይኼ ከጣራዬ ነጠላ ይልቅ የስቱዲዮ ጥያቄ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። በስቱዲዮ የተሰጡን ፕሮጀክቶች በሙሉ ከባዶ መሬት የሚጀምሩ ናቸው። ሳይቱ ላይ ሰው ካለ «ኤግዚስቲንግ» ብለን በግራጫ ቀለም እንስለውና እናነሳዋለን። አብዛኛው የሀገራችን ሰው ግን የሚኖረው ዛሬ በቆሙት ቤቶች ውስጥ ነው፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ የጭቃ ናቸው። የቆመ ቤት እንዴት እንደሚታከም ሳናውቅ ተመርቀን ስንወጣ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ይሆናል፤ ማፍረስ።

«እኛ የምናስተምረው ማሰብን ነው»

ይህን ሐሳብ ለአንድ መምህሬ ባጫውታቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ግንበኛ የሚያውቀውን ከግንበኛ ትማራለህ። ለዚያ ቴክኒክና ሙያ አለ። እዚህ የምትማረው ማሰብን ነው። ሲሚንቶማ ዋጋው በየወሩ ይለዋወጣል፤ ማሰብ ግን አያረጅም።» ንግግራቸው ብዙ ቀን አስጨንቆኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው።

አስቡት እስቲ። ጋሼ ጓሮ ዞረው ያደረጉት ነገር ምንድን ነው? ከመፍትሔው በፊት መንስኤውን ጠየቁ። ይኼማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኛን ሲያስተምሩን የኖሩት ነገር ነው! ሳይት አናሊሲስ ማለት እኮ ይኸው ነው። ታዲያ የእኔ ጥፋት የልስን ዕውቀት ማጣት ብቻ አልነበረም። ማሰብን ተምሬ አላሰብኩም። ለምን? ለዚህ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ በስቱዲዮ ውስጥ ሳናስብ የሠራነው ነገር ማንንም አይጎዳም። የፀሐይና የነፋስ ቀስት ካለፈው ዓመት ተማሪ ፋይል ገልብጠን ብንለጥፍ ሕንፃው አይፈስም፣ ተከራይ ጥሎ አይወጣም። ቢበዛ ቢ ፕላስ እናገኛለን። ውጤቱን የሚሸከም ሰው በሌለበት ማሰብ ቀስ በቀስ ልማድ መሆኑ ቀርቶ የወረቀት ማስዋቢያ ይሆናል። ስለዚህ ለመምህሬ የምመልሰው፣ ማሰብን ለማስተማር ራሱ ግድግዳውንና ሰውየውን ማቅረብ ያስፈልጋል የሚል ነው።

ይኼ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ባውሃውስ በ1919 እ.ኤ.አ. በቫይማር ሲከፈት በየወርክሾፑ ሁለት መምህር ነበረው፤ አንዱ የቅርጽ መምህር፣ ሌላው የእጅ ሙያ መምህር። በአሜሪካ አላባማ በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሩራል ስቱዲዮ ተማሪዎቹን ወደ ድሃ ገጠር ወስዶ ሰው የሚገባበት ቤት ያሠራል። ቅርባችን ደግሞ ቡርኪናፋሶያዊው ፍራንሲስ ኬሬ አለ። መጀመሪያ ጀርመን የሄደው አናጺነት ሊማር ነው። የትውልድ መንደሩ የጋንዶን ትምህርት ቤት ነድፎ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሲሠራ ገና በርሊን የአርክቴክቸር ተማሪ ነበር፤ ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. አለቀ። ትንሽ ሲሚንቶ በተቀላቀለበት አፈር ጡብ አበጀ፣ ሙቀቱ እንዲወጣም የቆርቆሮውን ጣራ ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ለየው። በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከር ሽልማትን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ማሰብና ጭቃ አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በሀገራችንም ቢሆን በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከማስተማር ጎን ለጎን የሕንፃ ምርምርና የግንባታ ዕቃዎች ፍተሻ ሥራ ይዞ እንደተነሳ መርሳት የለብንም። መንገዱ ተጠርጎ ያውቃል።

ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፌ ብሄድ ደግ አይሆንም። ብዙ በጀት የማይጠይቁ አራት ሐሳቦች አሉኝ።

አንደኛ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ለክቶ ይሳል። ሲስል ውሃው በየት እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ እንጀራ የት እንደሚጋገር፣ በዓመት ለጥገና ምን ያህል እንደሚወጣ ከባለቤቱ ጠይቆ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከማንኛውም የስቱዲዮ ሥራ ጋር አንድ ገጽ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር ይለጠፍ። ዋጋው በማግሥቱ ቢለወጥም ግድ የለም፤ ቁም ነገሩ ጥያቄውን መልመዱ ነው።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጁሪ ላይ አንድ ግንበኛና አንድ አናጺ ይቀመጡ፤ ለዋሉበትም ቀን አበል ይከፈላቸው። ጋሼ የኔን የባህል ማዕከል ቢያዩት ኖሮ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንደሚሆን አሁን አውቀዋለሁ።

አራተኛ፣ ከስቱዲዮው ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ላይ እያንዳንዱ ባች ሁለት ሜትር ግድግዳ ይሥራ፤ አንዱ በጭቃ፣ አንዱ በብሎኬት፣ አንዱ በድንጋይ፣ አንዱም እንደኔ ጭቃውን በሲሚንቶ ለስኖ። አይፍረሱ። ክረምት ይምታቸው፤ ተከታዩ ባች መጥቶ ምን እንደሆኑ ይመዝግብ። በአራት ዓመት ውስጥ ከየትም የማናገኘው መማሪያ ይኖረናል።

የግድግዳዋ ነገር

አክስቴ ግድግዳውን ምን አደረገችው ለምትሉ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ጠብቀን መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሠራነው። ልስኑን በመዶሻ አራገፍነው። የበሰበሱትን ሁለት ቋሚዎች ከሥራቸው ቆርጠን በድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ቦዩን እኔ ቆፈርኩ። ጋሼ ጣራውን በአንድ ክንድ አስረዘሙት፣ አሸንዳም አበጁለት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲብላላ ከረመ፤ በእግሬ ስረግጠው ሰፈርተኛው ሁሉ «ኢንጂነሩ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ «እንዲህ ነው፣ እግርህም ይማር» አሉኝ። የጠቅላላው ወጪ ከመጀመሪያው ልስን አነሰ። ከየት እንደተከፈለ ባልናገርም ከአክስቴ ዕቁብ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። እኔ ጠምጥሜ ነው የተማርኩት፤ ክፍያውንም መጀመሪያ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ከእኔ ኋላ ያላችሁ እንዲህ እንዳይገጥማችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት። ክፍሏ ከጥቅምት ጀምሮ ተከራይታለች። ግድግዳዋ እስካሁን ደረቅ ናት፤ ግን ገና ክረምት አላየችም። ስለዚህ ውጤቴ አልወጣም። ሐምሌ ይንገረኝ።

የተቃወመም የደገፈም ሐሳቡን በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። በተለይ መምህሬ መልስ እንዳለዎት አውቃለሁ፤ እጠብቃለሁ።

ቸር ያሰማን!

ከአምስተኛ ዓመት ተማሪ